ካርታ የሌለው ዋስ ያምጣ

ቱሉ ዲምቱ ላይ ባንክ ሞልቷል። ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ሻይ ቤት ሲዘጋ ባንክ ይከፈታል። ገንዘብ አስቀምጡ ሲሉ ፈገግታቸው ያሞቃል። ብድር ካላችሁ ግን «ካርታ አለ?» ነው። ካርታ ያለው ሰው በኮንቴነር ሱቅ ሳሙና ሲቸረችር ምን ይሠራል?

ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነ። ኋላ 18 አደረገው። የሰፈራችን ባለሱቅ ሁለቱንም በዜና ሰማ። የእሱ ድርሻ ድሮም ዜሮ ስለነበር አልደነገጠም፣ አልተደሰተምም። ተንቀሳቃሽ ንብረት አስይዞ መበደር የሚፈቅድ አዋጅም አለ፤ ቁጥር 1147/2011። ከብት ሳይቀር ይያዛል። ላሙን እየነዳ ባንክ በር ላይ የደረሰን ሰው ጥበቃው እንዴት እንደሚፈትሸው ባይ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ እቁብ። ዳኛው ማታ ማታ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ይዞራል። «ዛሬ ገበያ ቀዝቅዟል» ብትሉት አይከራከርም። ዓይኑን መደርደሪያው ላይ ይጥላል። ጠዋት ስድስት የነበረው ዘይት ሁለት ቀርቷል። «አምጣ ባክህ!» ይላል። እንዲህ ዓይነት የብድር ባለሙያ የትኛው ባንክ አለው?

የዕጣው ቀን ሲቃረብ ሰፈሩ በሙሉ ይቸገራል። የአንዱ ልጅ ከትምህርት ቤት ልትባረር ነው። የሌላው አከራይ ኪራይ ጨምሯል። የመጀመሪያው ዕጣ በወጉ የዳኛው ነውና እሱን የሚነካ የለም። ሌላው ወረቀቱ ተጠቅልሎ ሳህን ውስጥ ይገባል፤ አንድ ሕፃን ያወጣል። ያልቀናው ቸኩሎ ከሆነ የወጣለትን ሰው ለብቻው ይጠራና ጥቂት ሺህ ቀንሶለት ተራውን ይገዛል። ወለድ እንዳትሉት፤ ሃይማኖተኛ ሰዎች ናቸው። «የሻይ» ነው የሚባለው።

በልቶ እንዳይጠፋ ደግሞ ዋስ ይጠራል። ዋሱ ከዚያው እቁብ ነው። የዋሱም ዋስ እንደዚያው። አንድ ሰው ሰፈር ቢቀይር ስንታችን እንደምንያዝ ማሰብ አልፈልግም።

ባለሱቁ በወጣለት ብር ዘይትና ስኳር አስገባ። ከዚያ እኛ በዱቤ ወሰድንለት። «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ጽሑፍ ለጥፏል። የዱቤው ደብተር የተንጠለጠለው እዚያው ምስማር ላይ ነው። መጣያ ሲያጥረው ከቴሌብር ይበደራል፤ በቴሌብር ብድር እቁቡን ይጥላል።

ደብተሩ ላይ የዳኛው ስምም አለ። አምስት ሊትር ዘይት፣ ከፋሲካ ጀምሮ። አንድ ማታ ባለሱቁ ብሩን እየቆጠረለት እንደ ዋዛ ጣል አደረገ፦

«ጋሼ፣ የዘይቷ ነገርስ?»

«ምን ችግር አለ ልጄ፣ ዕጣዬ ሲወጣ!»