ውሃ ጨምርበት፣ ምን ታካብዳለህ!

እጄ አሁንም ኩላንት ኩላንት ይላል። በላርጎም በሳሙናም አልለቀቀም። ይሄን ሳልተነፍስ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቪትዟን፣ ትንሿን ቶዮታዬን ታውቋታላችሁ። ዛሬ ኩላንቷን፣ ያን ሞተር የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ፣ ራሴ ልቀይር ተነሳሁ። ሞተር ላውርድ አላልኩም። አሮጌውን ማፍሰስ፣ በውሃ ማጠብ፣ አዲሱን መሙላት። በቃ ይኸው ነው። ሰላም ባለበት ሀገር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

መጀመሪያ ሶማሌ ተራ። ሱቁ በር ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ጀሪካን ተደርድሯል። ሻጩ ልጅ ስልኩን ይነካካል።

«ቀዩና አረንጓዴው ልዩነታቸው ምንድነው?»

«ቀለሙ ነዋ።»

«እሱማ ይታየኛል። ለቪትዝ የቱ ነው የሚሆነው?»

ቀና ብሎ አየኝ። «መኪናህ ምን ቀለም ናት?»

«ነጭ።»

«እንግዲያ ሁሉም ይሄድልሃል አለቃ!»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ብሎን ሊገዙ የመጡ አባት እንኳ ከዘራቸውን ተደግፈው ይንፈቀፈቃሉ። እኔ ደግሞ ደረቅ ነኝ፣ አልተውኩትም። «እሺ፣ ይሄ በውሃ የተበጠበጠ ነው ወይስ ንጹሁ? ግማሽ በግማሽ ላድርገው?» አልኩት። «ወንድሜ፣ መኪናው ላይ ነው የምትጨምረው ወይስ ልትጠጣው ነው?» አለኝ። ድጋሚ ሳቅ። ያ ሽማግሌ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ልጄ፣ ውሃ ጨምርበት፣ ምን ታካብዳለህ።»

ጥያቄው እኮ ልክ ነው! ተበጥብጦ የሚሸጥ አለ፣ ሳይበጠበጥ የሚሸጥ አለ። የተበጠበጠውን መልሰህ ብታቀጥነው የሞላኸው ባለቀለም ውሃ ነው። ቀለሙ ደግሞ ምንም ማስረጃ አይሆንም፤ አምራቹ ሁሉ ደስ ያለውን ይነክርበታል። ይሄን ለልጁ ባስረዳው ኖሮ እስካሁን እየሳቁብኝ ነበር።

«ኩላንት ለበረዶ ሀገር ነው» የሚሏትን ነገር ደግሞ የሰማ ጆሮዬ በቃው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ 100 ዲግሪ አይጠብቅም፣ 92 አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ሞተር ደግሞ የሚሠራው እዚያው ሰፈር ነው። ኩላንት ከመርጋት ብቻ አይደለም የሚከላከለው፣ ቶሎ እንዳይፈላም ያደርጋል፣ ዝገትም ይከላከላል። ዓባይ በረሃ ዳገቱ ላይ ኮፈን ከፍተው እንፋሎት የሚያዩት ሰዎች በረዶ ነው ያቆማቸው? ሞተሩ ሞቆ ቴስታው፣ ያ የላይኛው ክዳኑ፣ ሲጣመም ማን ይከፍላል? ሽማግሌው?

ይሄንንስ ለምጄዋለሁ። ባለፈው ጋራዥ አስገብቻት መካኒኩ ቴርሞስታቷን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ኩላንቱን ይዛ የምታቆየውን፣ ነቅሎ ጣላት። «ለዚህ ሀገር አያስፈልግም።» ማን ጠየቀህ? የነቀለበትንም አስከፈለኝ እኮ! ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሞተሯ አልሞቅ ብሎ ቤንዚን ትጨልጣለች። የቤንዚኑን ሰልፍ አላነሳም። ዛሬ አላነሳም ብያለሁ።

ወደ ሥራው። ሞተሯ በደንብ እስክትበርድ ጠበቅኩ። በሙቅ ሞተር የራዲያተር ክዳን የሚከፍት ሰው ፊቱን የጠላ ነው። ከሥር ገባሁ። ታች ያለችውን ማፍሰሻ ብይዛት ንቅንቅ የለም። ባትሪ አበራሁ። በሱፐር ግሉ ተለጥፋለች! አንዱ ጀግና ታንጠባጥባለች ብሎ በአንዴ ገላገላት። ምን ይደረግ፣ የታችኛውን ቱቦ ማሰሪያ በፒንሳ ጨምቄ ነቀልኩ። ሳፋው ውስጥ የወረደው የጠላ አተላ ነው የሚመስለው። ቡናማ፣ ደለል ያለበት፣ ቅርፊት ቅርፊት የሚል ዝገት። የከፈልኩበት «ቀይ ኩላንት» ይሄ ነው። ስንት ዓመት የቧንቧ ውሃ ሲያጠጡልኝ ኖረዋል።

አሁን መታጠብ አለባት። ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው፣ ተራችን አልደረሰም። ያጠራቀምኩትን ጀሪካን አወረድኩ። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ከላይ ከበረንዳ፦

«አንተ ልጅ፣ ሰው የሚጠጣው አጥቶ አንተ መኪና ታጠጣለህ?»

«እትዬ፣ የራሴ ጀሪካን ነው።»

«የራስህ ይሁን! ግቢው የጋራ ነው።»

እትዬ፣ የጋራው ግቢ ላይ ምንጣፍ ሲታጠብ የት ነበሩ? በአፌ ግን አላልኩም። አስተዳደጌ ገደለኝ።

ጥበቃው መጣ። ሳፋውን አይቶ «የጎርፍ ቱቦው ውስጥ ድፋው፣ ዝናብ ይወስደዋል» አለኝ። መርዝ እኮ ነው! ጣዕሙም ጣፋጭ ነው፣ ድመትና ውሻ ይልሰዋል፣ ከዚያ ኩላሊቱ ያልቃል። የግቢው ድመቶች ሳፋውን ሲዞሩት እያባረርኩ ነበር ቱቦ የማጠብቀው። «የት ልውሰደው ታዲያ?» አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ። አልፈርድበትም፣ እኔም መልሱ የለኝም። ጀሪካን ውስጥ ገልብጬ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ «መርዝ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ቤት ውስጥ አብረን እየኖርን ነው።

አዲሱን በባትሪ ውሃ (በተጣራው ውሃ፣ በአሲዱ አይደለም) በጥብጬ እየሞላሁ፣ ማሞቂያውን ከፍቼ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ሲወጣ እያየሁ፣ ጎረቤቴ መጣ። ከ2016 ጀምሮ የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ የያዘ ሰው ሁሉ ሰባኪ ሆኗል።

«የኔ ይሄ ጣጣ የለባትም» አለኝ።

«አለባት። ባትሪዋ በኩላንት ነው የሚቀዘቅዘው።»

«ኤሌክትሪክ ናት እያልኩህ!»

«ኮፈኗን ክፈታ።»

ከፈተ። ኩላንቱ ማጠራቀሚያው ውስጥ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ጎንበስ ብሎ አየ፣ አየ፣ «ይሄ የመስታወት ማጠቢያ ውሃ ነው» አለና ዘግቶ ሄደ። በእግዚአብሔር! ስሙ እዚያው ተጽፎበታል!

ይሄን እየጻፍኩ ስልኬ ጮኸ። የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ነው። ሰብሳቢዋ፦ «ግቢ ውስጥ መኪና ማጠብ ክልክል መሆኑን የማያውቁ ነዋሪዎች አሉ።» እኔ መኪና አላጠብኩም! ጎረቤቴ ደግሞ የመጀመሪያውን አውራ ጣት ለጥፏል። የመስታወት ውሃው ሰውዬ። ቆይ፣ መልስ ልጻፍና እመለሳለሁ።