ባለቤቱ የሚመረቅ ቤት

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኅብረት ሕንፃን ከሌሎች ቤቶች የሚለየው፣ ባለቤቶቹ በየጥቂት ዓመቱ እየተመረቁ ስለሚሄዱ ለምን እንደተሠራ የሚያስታውስ ሰው በውስጡ አለመገኘቱ ነው። አስተዳደሩ ግን አይመረቅምና ሁሉንም ያስታውሳል፤ ቁልፉም እሱ ዘንድ የሚያድረው ለዚሁ ይመስለኛል።

ክርክሩ ከሕንፃው ቀድሞ መጥቷል። የካምብሪጅ ተማሪዎች የክርክር ኅብረታቸውን በ1815፣ የኦክስፎርዶቹ ደግሞ በ1823 መሠረቱ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለኅብረት ተብሎ የታነጸው የኤዲንብራው ቴቪዮት ሮው የተከፈተው በ1889 ሲሆን፣ በአሜሪካ ቀዳሚው የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሂዩስተን ሆል በ1896 ተከተለ፤ በውስጡም የመዋኛ ገንዳ፣ ቦውሊንግና ቢሊያርድ ነበረው። ሲዋኝ የዋለ ተማሪ አቤቱታ ለመጻፍ እጁ እንደሚዝል ያሰበ ብልህ ሰው ሳይኖርበት አልቀረም።

በሩ ግን ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። የኦክስፎርዱ ኅብረት በ1933 «ይህ ቤት በምንም ሁኔታ ለንጉሡና ለአገሩ አይዋጋም» የሚለውን ሐሳብ ተከራክሮ በ275 ለ153 ድምፅ አጽድቋል። የጦርነትን ጉዳይ በአንድ ምሽት የቋጨው ይኸው ጉባኤ፣ ሴት ተማሪን ሙሉ አባል አድርጎ ለመቀበል ግን እስከ 1963 ማሰላሰል አስፈልጎታል። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኅብረት ሕንፃም ሴቶች እስከ 1950ዎቹ ድረስ ያለ ወንድ አጃቢ በዋናው በር መግባት ስለማይፈቀድላቸው በጎን በር ይገቡ ነበር።

ዛሬ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ችግሩ የሚጀምረው ከተገባ በኋላ ነው። ምቹ ሶፋዎቹን የያዙት ከፈተና ማግስት ጀምሮ የተኙ ናቸው፤ በኤሌክትሪክ ሶኬቱ ዙሪያ የሚሰበሰበው ሕዝብ ብዛት የትኛውም ጠቅላላ ጉባኤ አግኝቶት የማያውቀው ምልዓተ ጉባኤ ነው። በምርጫ ሰሞን ተማሪውን ሁሉ በስሙ እየጠራ የሚጨብጠው ዕጩ፣ ከተመረጠ በኋላ «ስብሰባ ላይ ነን» ከሚል ወረቀት ጀርባ ይሰወራል። አዳራሹን መጠቀም የሚፈልግ ቅጽ ይሞላል፣ ያስፈርማል፣ ማኅተም ያስመታል፤ «አዳራሽ ተከለከልን» ብሎ ለመቃወም የሚሰበሰብም አዳራሹን የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

ለዚህ ሳይሆን አይቀርም በእነዚህ ሕንፃዎች ከተነገሩት ሁሉ እጅግ ከታወቁት አንዱ የሆነው ንግግር ከአዳራሽ ውጭ የተደረገው። ጆን ኤፍ ኬኔዲ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር፣ በጥቅምት 1960 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ በሚሺጋኑ ኅብረት ደጃፍ ደረጃ ላይ ቆሞ፣ በሌላ አገር ሄዶ ለማገልገል ፈቃደኛው ማን እንደሆነ ተማሪዎቹን ጠየቀ፤ በዓመቱም በጎ ፈቃደኛ አሜሪካውያንን ወደ ሌሎች አገሮች ለአገልግሎት የሚልከው የሰላም ጓድ ተቋቋመ። አስተዳደር ንግግርን የሚወደው ከተነገረ በኋላ ነውና፣ ዛሬ በቦታው ላይ መታሰቢያ አለ።