ከመሰናበቻ ንግግሩ በፊት ርክክቡ

የተማሪዎች ኅብረት አመራር የሆነ ሰው ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሲዘዋወር ሽኝቱ ደማቅ ነው። ኬክ ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ «ሁሌም ከእናንተ ጋር ነኝ» ይባላል። ጥቂት ቆይቶ አንዱ የቢሮውን ቁምሳጥን ቁልፍ ይፈልጋል። ቁልፉም ከሰውዬው ጋር ተዘዋውሯል!

በዚህ ሴሚስተር መጨረሻ እኔም የኅብረቱን ጸሐፊነት ትቼ እሄዳለሁ። መማር የምፈልገው የትምህርት ክፍል እዚህ የለም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ስለዚህ የምለው ሁሉ እኔንም ይመለከታል።

«የመረጥንህ ጥለኸን እንድትሄድ ነው ወይ?» የሚሉ አሉ። አልፈርድባቸውም። ግን ተመራጩም መጀመሪያ ተማሪ ነው፤ ለወንበር ሲል የማይፈልገውን ትምህርት ይማር አይባልም። ችግሩ መሄዱ ሳይሆን በመሃል መሄዱ ነው። የሚመረቅ አመራር መቼ እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል፤ ተተኪውም በጊዜው ይመረጣል። የሚዘዋወረው ግን ሥራውን እንዳንጠለጠለ ነው የሚወጣው።

መቼ ይነገር? ብዙዎች እስከ መጨረሻው ይደብቃሉ። ዝውውሩ ባይሳካስ? ከሁለት ያጣ መሆን ማንም አይፈልግም። ይገባኛል። ማመልከቻው ሲገባ ለፕሬዝዳንቱና ለምክትሉ መንገር፣ ሲጸድቅ ደግሞ ያኔውኑ ለሁሉም ማሳወቅ ይበቃል። ማመልከቻ አስገብቶ ዝም ብሎ ለሚቀጥለው ዓመት መወዳደር ግን ማታለል ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ተተኪውን መጠቆምም የሚሄደው ሰው ሥራ አይደለም። ምክትሉ ይተካ ወይም ምርጫ ይደረግ፣ የሚወስነው መተዳደሪያ ደንቡ ነው። ወንበሩ ለጓደኛ የሚያወርሱት ቤት አይደለም።

በመካከለኛው ዘመን ጣሊያን ውስጥ ባለው ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ሥልጣኑ የተማሪዎቹ ነበር። ሬክተሩን፣ ማለትም የበላይ ኃላፊውን፣ የሚመርጡት እነሱ ነበሩ። መምህር ያለፈቃድ አንድ ቀን እንኳ መቅረት አይችልም፤ ከከተማው መውጣት ከፈለገ ለመመለሱ ዋስትና ገንዘብ ያስይዛል። እ.ኤ.አ. በ1317 የወጣው ደንባቸው ይህን የመሰለ ጥብቅ ነገር ሞልቶበታል። ዛሬ የተማሪዎች አመራር ሲሄድ ምንም አያስይዝም። ያስይዝ እያልኩ አይደለም። ግን ቢያንስ የያዘውን ይመልስ።

የያዘው ደግሞ ማኅተምና ደረሰኝ ብቻ አይደለም። የቴሌግራሙን ግሩፕ ውሰዱ። የሺህ ተማሪ ግሩፕ ባለቤቱ አንድ ሰው ነው። ባለቤትነቱን ለማስተላለፍ አካውንቱ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መከፈት አለበት፤ ከተከፈተም 7 ቀን ማለፍ አለበት። ይህን በመጨረሻው ቀን ማታ፣ ሻንጣ እያሰረ የሚያውቅ ሰው ግሩፑን ይዞት ይሄዳል። በግል ስልክ ቁጥር የተከፈተ የኅብረቱ ኢሜይልም እንደዚያው ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ወረቀት ላይ የሌለው ነው። አንዷ ተማሪ ኮሪደር ላይ አስቁማችሁ ግሬዷ እንዳልገባላት ነግራችኋለች። «እናየዋለን» ብላችኋል። ይህ በየትኛውም ቃለ ጉባኤ አልተጻፈም። እናንተ ስትሄዱ ጉዳዩ ይሞታል፤ እሷ ግን እየጠበቀች ነው። እንዲህ ያሉትን አንድ በአንድ አስታውሶ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ማን ምን ጠየቀ፣ የት ደረሰ፣ ከዲኑ ቢሮ ማን ያውቀዋል። ሲቻል ባለጉዳዩን ከአዲሱ ሰው ጋር ፊት ለፊት ማገናኘት ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄም አለ። በሚስጥር የተነገረ ነገር ዝም ብሎ ለተተኪ አይተላለፍም። ስለ አንድ መምህር ትንኮሳ የነገረቻችሁ ልጅ ያመነችው እናንተን እንጂ ቢሮውን አይደለም። ትጠየቅ። «አይሆንም» ካለች ስሟ ፋይል ውስጥ አይገባም፤ ራሷ ልትሄድበት የምትችለውን ቦታ ማሳየት ግን ግዴታ ነው። ርክክብ ሲባል ሁሉንም ዘርግፎ መስጠት የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም።

ያልተሳካውን ነገር በግልጽ መናገርም ጥሩ ነው። የላይብረሪው ሰዓት እንዲራዘም ጠይቀን እምቢ ከተባልን፣ እምቢ መባላችንና ምክንያቱ ይጻፍ። ያለዚያ ቀጣዩ ጸሐፊ ያንኑ ደብዳቤ ከዜሮ ይጀምረዋል።

በአዲሱ ዩኒቨርሲቲ ወዲያው ለመወዳደር መሮጥም አይታየኝም። ሰውንም ደንቡንም ሳያውቁ «እኛ ጋ እኮ እንዲህ ነበር» ማለት የማንንም ጆሮ ያሰለቻል።

እኔ ለአንድ ወር ስልኬን አነሳለሁ፤ የጠፋ ፋይል ካለ ይጠይቁኝ። ከዚያ ከአመራሮቹ ግሩፕ እወጣለሁ። አዲሱ ጸሐፊ የሚጽፈውን እያነበብኩ «እንዲህ ብታደርጉት አይሻልም?» ከማለት እንደማልመለስ ራሴን አውቀዋለሁ።