ስንት ቀረው?

«ስንት ቀረው?» አሉኝ የፊት ለፊት ጎረቤቴ፣ ገና ደህና አደርህ ሳይሉ። በእጃቸው ጌሾ የተሰጣበት ሰፌድ ይዘዋል፤ ዓይናቸው ግን የደረት ኪሴ ላይ ነው።

«ምኑ?» አልኩ፣ እያወቅሁ።

«የዚያ ልጅ ገንዘብ! ወሩ ሞልቶ የለም እንዴ፣ ወንድም ዓለም?»

ጎንደር ውስጥ ሰው የራሱን ደመወዝ ይረሳል እንጂ የጎረቤቱን ዕዳ አይረሳም። ከፒያሳ ሥጋ ገዝቼ ቤቴ ሳልደርስ የኪሎው ወሬ ቀድሞኝ ይደርሳል። የጥንት ነገሥታት ግቢያቸውን በ900 ሜትር የግንብ አጥር የከለሉት ጠላት ፈርተው ነው ይባላል። እኔ ጎረቤት ፈርተው ይመስለኛል።

ደግሞ ዕዳው ዕዳ ቢሆን ምን ነበረበት! ያ ልጅ ከእኔ አንድ ሳንቲም ተበድሮ አያውቅም። ያደረገው ነገር ቢኖር ከዓመታት በፊት በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ደህና ሁን ሳይለኝ አዲስ አበባ መግባቱ ነው። እኔም ከሳሁ። ሰፈሩ የሰው ክሳት ያለ ምክንያት ሲያልፍ አይወድምና ጠዋት «ገንዘብ ተክዶ ነው» ተባለ፤ ከሰዓት በኋላ መጠኑ ተቆረጠ፦ 20 ሺህ። እሱ ሳይመለስ በቆየ ቁጥር ገንዘቡ እያደገ ሄዶ 60 ሺህ ገባ። እንዲህ ያለ ወለድ የሚከፍል ባንክ አላየሁም። አላስተባበልኩም። እውነተኛው ምክንያት ከሚታወቅ ተበድሎ ማደር ይሻላል።

እውነተኛው ምክንያት የጀመረው በሎሚ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን አባባል እንደምወደው ሌላ አባባል አልወድም፤ ቅር የሚለኝ ሸሚዝን መርሳቱ ብቻ ነው። ጥር 11 ቀን በፋሲል መዋኛ ጠበሉ ተባርኮ ጎረምሳው ሁሉ ከነልብሱ ሲዘልበት፣ እኔ አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ በእጄ ሎሚ ይዤ ቆሜያለሁ። ወጉ የታወቀ ነው፤ ጎረምሳ የወደዳትን ልጃገረድ ደረቷን በሎሚ ይመታል። ወረወርኩ። ሎሚው ሹሩባ የተሠራችውን ልጅ አልፎ ከአጠገቧ የቆመውን ልጅ ደረት መታ። ጓደኞቼ «ሳተ!» ብለው እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ።

አልሳትኩም።

እሱም ሎሚውን አነሣ፣ አሸተተና ኪሱ ከተተው። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀትን በቅርስነት ሲመዘግብ ስለዚህኛው ሎሚ የጠየቀኝ የለም።

ወደ ሽማግሌዎቻችን ልምጣ፤ ቂሜ እዚያ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች የማያስታርቁት ነገር የለም። የዕድሩን ገንዘብ የበላው ገንዘብ ያዥ በሁለት ገንቦ ጠላ ይቅር ተብሎ መልሶ ገንዘብ ያዥ ሆኗል። ይህስ ይሁን። ባለፈው ዓመት ግን ክንዷ በጀሶ የታሰረችን ሴት «ትዳር ነው፣ ቻዪው» ብለው እየመረቁ ክንዷን ወደ ሰበረው ሰው መለሷት። ለእሱ ስንተኛ ዕድሉ እንደሆነ የቆጠረ ሽማግሌ የለም! የእኔን 60 ሺህ የሚቆጥር ሰፈር የእሷን ስብራት መቁጠር አቃተው። እንዲህ ዓይነቱን ምርቃት ስሰማ አሜን የሚለው አፌ ይታሰራል።

ያ ልጅ አገር ቤት በገባ በሳምንቱ እኛም ተጠራን። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጄ፣ የዚህን ልጅ ገንዘብ ይዘህ ጠፍተሃል ይባላል» አሉት። ወደ እኔ አየ። ሲክድ ለመስማት ተዘጋጀሁ።

«አለብኝ» አለ። «ብዙ ነው ያለብኝ።»

ሽማግሌው «ብዙ» የምትለዋን ቃል ወደዷት። በወር 2 ሺህ ብር ተቆረጠ፤ በባንክ ሳይሆን በእጅ፣ በአበዳሪው ቤት፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ ቂሙ እንዲሽር። ከዚያ «ተነሡ፣ ተሳሳሙ!» ተባልን። እየፈራን ትከሻ ለትከሻ ተነካካን። «ይሄ ምን መሳም ነው? ከልባችሁ!» ብለው ተቆጡ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 እንደ እኛ ያለውን በእስራት ይቀጣል፤ በሽማግሌ ትእዛዝ፣ በስድስት ምስክር ፊት ስለተፈጸመው ግን ምንም አይልም።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ይመጣል። አሥር ባለ ሁለት መቶ ብር ጠረጴዛ ላይ ይደረድራል፤ ጎረቤቴ በመጋረጃቸው ቀዳዳ አብረውን ይቆጥራሉ። ቡናው ሦስተኛ ይደርሳል፣ ዝናብ ይመጣል፣ ይመሻል። ሲነጋ ያንኑ ገንዘብ ኪሱ እከታለሁ። ጠርዟ ተቀድዶ በፕላስተር የተጣበቀችው አንዷ ኖት ቤቴን ከእኔ በላይ ለምዳዋለች። ደህና ሁን ሳይለኝ የሄደባትን ሌሊት ግን እስካሁን አልማርኩለትም፤ እሷን ሽማግሌም አላስመዘገባት። እሱ ያውቃል። አሁን ሲወጣ ደህና ዋል ብሎኝ፣ ከበር ተመልሶ ደግሞ ይለኛል።

ጎረቤቴን ረሳኋቸው። «አላሰላሁትም» ብዬ ልሸሽ ስል እሳቸው በጌሾው እንጨት አስልተው ነገሩኝ፤ ከግማሽ በታች ቀርቶታል። ደነገጥሁ። ሲጨርስ በምን ሰበብ ይመጣል?

በዚያው ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። «አባባ፣ ልጁ ኑሮ ከብዶታል፤ ክፍያው ይቀነስለት» አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እንደ እኔ ያለ አበዳሪ በጎንደር ታይቶ አይታወቅም ብለው በወር 500 ብር አደረጉት፤ ዕድሜህ ይርዘም ብለውም መረቁኝ። በ500 ብር ሒሳብ በእርግጥ ያስፈልገኛል።