የኑዋር ጨለማ፦ የእጥረት ልጅ ወይስ የምርጫ?

የ1940ዎቹ የሆሊውድ የወንጀል ፊልሞች «ኑዋር»፣ ማለትም ጥቁር፣ የሚለውን ስም ያገኙት በ1946 ከፈረንሳይ ሃያሲያን ነው። ያ ጥቁረት ከየት መጣ? ሁለት ተከራካሪዎች እዚህ ላይ አይስማሙም፤ አንዱ ከእጥረት ሌላው ከምርጫ ይላል።

የእጥረት ወገን፦ በጦርነቱ ሂሳብ ልጀምር። በ1942 የአሜሪካ የጦርነት ምርት ቦርድ አንድ ፊልም በስቱዲዮ ለሚገነባው ቤትና መንገድ የሚያወጣውን የአዲስ ዕቃ ወጪ በ5,000 ዶላር ገደበው። ታዲያ ምን ይደረግ? አሮጌውን ግድግዳ መልሶ ማቆምና ብርሃን መንፈግ ነዋ። ብርሃን ያልነካው ግድግዳ ቀለሙ ቢላላጥ ማን ያየዋል? ዳይሬክተሩ ኤድጋር ኡልመር በ«ዲቱር» (1945) የኒውዮርክን መንገድ የሚሠራበት አቅም ስላልነበረው ጉም ለቀቀበት፤ ሁለት ሰው፣ የመንገድ ምልክት፣ የቀረው ጭስ። ችግር በቅቤ ያስበላል ማለት ይሄ ነው።

የምርጫ ወገን፦ ተረቱ ለኡልመር ይሠራል። «ደብል ኢንደምኒቲ» (1944) ግን የትልቁ ስቱዲዮ የፓራማውንት ነው፤ ከ900 ሺህ ዶላር በላይ ወጥቶበታል። እዚያ ቤት ወጡም ቅቤውም ነበረ። ሆኖም ካሜራማኑ ጆን ሳይትዝ ሳሎኑን አጨለመው፤ ቀጫጭን አግዳሚ ሰሌዳዎች ባሉት የመስኮት መጋረጃ ሰንጣቃ የሚገባው ጨረር አቧራ ያለበት እንዲመስልም የአሉሚኒየም ብናኝ አየር ላይ አስበተነ።

ያ የመጋረጃ ጥላ ደግሞ ዝም ብሎ አይመጣም። መብራቱ ጠባብና ጠንካራ መሆን አለበት፤ ሰፊና ለስላሳ ከሆነ መስመሮቹ እርስ በርስ ይዋሃዱና ግድግዳው ግራጫ ሆኖ ያርፋል። መጋረጃው ወደ ግድግዳው ሲጠጋ የጥላው ጠርዝ ይሳላል፣ ወደ መብራቱ ሲጠጋ ይደበዝዛል። ጥላውን የሚያለዝበው ሁለተኛ መብራት ከዋናው ወደ 1/8 ካልወረደ ጥቁሩ ጥቁር አይሆንም። ተዋናዩ አንድ እርምጃ ካለፈ ደግሞ ዓይኑ ላይ ሊያርፍ የታሰበው መስመር ጉንጩ ላይ ይወድቃል፤ እንደገና ቅረጽ። ጨለማ ርካሽ ነው የሚል ሰው ይህን ሰዓት አልቆጠረውም።

የእጥረት ወገን፦ እሺ፣ ሳይትዝን ልልቀቅልዎ። ግን የዘውጉ ብዛት ፓራማውንት ውስጥ አይደለም። ካሜራማኑ ጆን አልተን «ቲ-ሜን»ን (1947) የቀረጸው ኢግል-ላየን ለሚባል ትንሽ ኩባንያ ነው፤ የሚታወቀውም በጥቂት መብራት ቶሎ በመጨረስ ነው። ሌላው አሥር መብራት ሲሰቅል እሱ አንዱን ከጀርባ ያበራና ሰዎቹን ጥላ ብቻ አድርጎ ያልፋቸዋል። መብራት ሲያንስ የቀረጻው ቀንም ያጥራል፣ ቀኑ ሲያጥር ደመወዙም ይቀንሳል።

የምርጫ ወገን፦ ከሁሉ ድሃ የሆነ ፊልም ሠሪ የት ይቀርጻል? ፀሐይ ላይ! ፀሐይ ኪራይ አትጠይቅም። ኡልመር፣ ዳይሬክተሩ ሮበርት ሲዮድማክና «ደብል ኢንደምኒቲ»ን የመራው ቢሊ ዋይልደር በርሊን ሳሉ በ1930 በወጣ አንድ ፊልም ላይ በባዶ ኪስ አብረው ሠርተዋል፤ ደጅ፣ በቀን ብርሃን፣ ተዋናይ ባልሆኑ ሰዎች። እጥረት ጨለማ የሚወልድ ቢሆን ያ ፊልም ከሰል ይመስል ነበር። ከእነዚያው ሰዎች ሲዮድማክና ዋይልደር ናቸው ሆሊውድ ገብተው፣ ዕቃውም መብራቱም ሞልቶ ሳለ፣ ያጨለሙት።

የእጥረት ወገን፦ እንግዲያው ይህን ይመልሱልኝ። «ዲቱር» ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሊፍት ሲለምን መኪኖቹ በመንገዱ ግራ ይሄዳሉ፣ መሪያቸውም በቀኝ ነው፤ ያውም አሜሪካ ውስጥ! ኔጋቲቩ (የተቀረጸበት ፊልም) ግራና ቀኙ ተገልብጦ ስለታተመ። ገንዘብ ያለው ሰው ይህን ይለቃል?

የምርጫ ወገን፦ ሳይገለብጠው ቢተወውስ ምን ያስወጣው ነበር? ምንም። ሰውየው ከኒውዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ ነው የሚጓዘው፤ ካርታ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ። ምስሉ ሲገለበጥ ጉዞው ልክ እንደዚያው ሆነ፤ ኪሳራው የመኪኖቹ መሪና መስመር ብቻ ነው።