ንባብን በሺሊንግ የተመነው ደንብ

የአውሮፓ የሕዝብ ትምህርት ቤት ሽምደዳን የወረሰው ከፋብሪካ ነው ሲባል ደጋግመን እንሰማለን። ስለ እንግሊዝ ከሆነ ግን እኔ ከፋብሪካው ደወል ይልቅ የድጎማውን አከፋፈል እከሳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1862 የእንግሊዝ መንግሥት የትምህርት ኃላፊ የነበረው ሮበርት ሎው ያወጣው ደንብ ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን የመንግሥት ገንዘብ ከፈተና ጋር አቆራኘው። በአማካይ ክፍል ለተገኘ ለእያንዳንዱ ተማሪ 4 ሺሊንግ ይከፈላል። ከ200 ጊዜ በላይ የተገኘ ልጅ ደግሞ (ጧትና ከሰዓት ለየብቻ ይቆጠራሉ) ተፈትኖ ሌላ 8 ሺሊንግ ያስገኛል። በንባብ፣ በጽሕፈት ወይም በሂሳብ ከወደቀ በእያንዳንዱ 2 ሺሊንግ ከ8 ፔንስ ይቀነሳል (12 ፔንስ አንድ ሺሊንግ ነበር)፤ ሦስቱንም የወደቀ ልጅ 8ቱንም ሺሊንግ ያሳጣል። ፈታኙ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣው የመንግሥት ኢንስፔክተር ነው።

ጥፋቱ የተወለደው ከዚሁ ስሌት ነው። ደንቡ ካወጣቸው ስድስት የፈተና ደረጃዎች በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው የንባብ ፈተናው የሚወጣው ትምህርት ቤቱ ራሱ ከሚያስተምርበት መጽሐፍ ነበር። ስለዚህ መጽሐፉን በቃል ማስጠናት ማንበብ ከማስተማር ይልቅ አስተማማኝ ሆነ። ታሪክና ጂኦግራፊ ገንዘብ ስለማያመጡ ወደ ዳር ተገፉ። ቀድሞ በቀጥታ ለመምህሩ ይደርስ የነበረው የመንግሥት ክፍያ ለትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪዎች መሰጠት ስለ ጀመረ፣ የመምህሩ እንጀራ በልጆቹ ውጤት ላይ ተንጠለጠለ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ልጆቹን ያስሸመደደ መምህር ላይ መፍረድ አግባብ አይመስለኝም።

ሎው ያለ ምክንያት አልተነሣም። በ1861 የቀረበ የመንግሥት ኮሚሽን ዘገባ ብዙ ልጆች መሠረታዊውን ንባብና ስሌት እንኳ በቅጡ እንደማይማሩ ገልጾ ነበር። ወጪውም ቀነሰለት፤ በ1861 ከ813 ሺህ ፓውንድ በላይ የነበረው ድጎማ በ1865 ወደ 637 ሺህ ገደማ ወረደ።

ገጣሚው ማቲው አርኖልድ ከ1851 ጀምሮ ኢንስፔክተር ስለነበር ነገሩን ክፍል ውስጥ ሆኖ አየው። ልጆች ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት ሳይችሉ፣ በብልጠት ተዘጋጅተው ፈተናውን ማለፍ እንደሚችሉ በ1867 ዘገባው በግልጽ ጻፈ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ጊዜው ነው። የ1870ው ሕግ ትምህርት ቤት በሌለባቸው አካባቢዎች በሕዝብ ገንዘብ እንዲከፈት ፈቀደ፤ በ1880 ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆች እንዲማሩ ግዴታ ሆነ። በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊደል የሚቆጥሩ የድሃ ቤተሰብ ልጆች የገቡት በዚሁ ስሌት ወደተቃኘ ክፍል ነበር። አከፋፈሉ መፍረስ የጀመረው በ1890 ነው፤ አርኖልድ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ።