ጋቢናው የካፒቴኑ ነው

ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ወደ አዲስ አበባ የተሳፈረ ሁሉ የጋቢናን ነገር ያውቃል። እግር መዘርጊያ አለው፤ የአባይ በረሃ ፊት ለፊት ይታያል፤ ከሹፌሩ ጋር ወግ አለ። ግን በወረፋ አይገኝም። «ወንድምዓለም፣ ጋቢናዋን ያዝልኝ» ብሎ ማታውኑ የደወለ ሰው ይቀመጥበታል። ሌሊት አስር ሰዓት መጥቶ የተሰለፈው ኋላ ይገባል።

አውሮፕላን ጣቢያም የምንሄደው ይችኑ አመል ይዘን ነው። አየር መንገድ የሚሠራ ልጅ ያላት እናት ጎጃም ውስጥ እረፍት የላትም። ጥር ገብቶ ሰርግ ሲበዛ፣ ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «እታለም፣ ልጅሽ አንድ ቦታ አያጣልኝም» ይላታል። ልጁ ራሱ መሳፈሩን እርግጠኛ እንዳልሆነ ብትናገር የሚያምናት የለም።

ስለ አየር መንገድ ሠራተኞች ጉዞ ባሕር ዳር ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው ሮሮ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «እኛ በገንዘባችን ቦታ አጥተን እነሱ በነፃ ይበራሉ» ይላል። ሌላው «ባዶ ወንበር እያለ ልጁን አስቀሩት» ይላል። ሁለቱም ዒላማውን የሳቱ ይመስለኛል።

የሠራተኛ ትኬት አብዛኛውን ጊዜ የተጠባባቂ ትኬት ነው፤ ስታንድባይ የሚሉት። ዋጋው እጅግ ርካሽ ነው፤ አንዳንዱ ከመደበኛው ዋጋ 10 በመቶ ብቻ ያስከፍላል። በምትኩ ዋስትና የለውም። የከፈለው ሁሉ ገብቶ፣ ቼክ ኢን ተዘግቶ፣ የተረፈ ወንበር ካለ ነው ባለ ስታንድባዩ የሚጠራው። እነዚህን ሰዎች በቀላሉ ትለዩአቸዋላችሁ። ሻንጣቸው ትንሽ ናት፣ አለባበሳቸው ደህና ነው። ካውንተሩ አጠገብ ቆመው ያወራሉ፤ ዓይናቸው ግን ከሠራተኛዋ አይነቀልም። ስማቸው ሳይጠራ ሲቀር አይጮኹም። በብዙ አየር መንገዶች ካውንተር ላይ የተጨቃጨቀ ሠራተኛ መብቱን ሊያጣ ይችላልና።

ለሥራ የሚጓዘው ብቻ ነው የሚለየው። ነገ ጠዋት ከሌላ ከተማ አውሮፕላን የሚያስነሳ አብራሪ ተጠባባቂ አይደለም፤ ቦታው የተያዘለት ነው። ይህም በጊዜ ካልተሠራበት መዘዝ አለው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2017 ዩናይትድ አየር መንገድ ቺካጎ ላይ አራት የበረራ ሠራተኞችን ለማሳፈር ሲል ከፍሎ የተቀመጠ ሐኪም በጥበቃ ሰዎች ተጎትቶ ወጣ። ቪዲዮውን ያላየ የለም። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ለሥራ የሚጓዙ ሠራተኞቹ በረራው ሊነሳ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሲቀረው እንዲመዘገቡ ደነገገ።

የባዶው ወንበር ምስጢር ደግሞ ብዙ ጊዜ ክብደት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ይላል፤ ቀን ሲሞቅ ይብሳል፤ ሞተሩም ክንፉም አቅማቸው ይቀንሳል። መድረሻው ላይ የአየር ጠባዩ ካላማረ ተጨማሪ ነዳጅ ይጫናል። ወንበሩ ባዶ ሆኖ ክብደቱ የሚሞላበት ቀን አለ። አውሮፕላን ውስጥ «እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ» አይባልም።

ዋናው ጥያቄ እዚያው ተጠባባቂዎቹ መሃል ነው። አምስት ወንበር ተርፎ አስራ ሁለት ሠራተኛ ቢቆም ማን ይቅደም? አሜሪካኖቹ እንኳ በዚህ አልተስማሙም። ዴልታና ዩናይትድ የሥራ ዘመንን ያስቀድማሉ። አሜሪካን ኤርላይንስ ቀድሞ ቼክ ኢን ያደረገውን ያስቀድማል። ከዩኤስ ኤርዌይስ ጋር ሲዋሐድ የዚያ ኩባንያ ነባሮች ቅድሚያቸውን አጥተው ክፉኛ ተከፍተው ነበር።

ለጎጃም ጆሮ የሥራ ዘመን ይጥማል። ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም። እኔ ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ሰው ጣና ዳር ዓሣ ሊበሉ ቢመጡ፣ ሁለት ዓመት የሠራው ቴክኒሻን ደግሞ እናቱን ሊቀብር ቢቆም፣ ደንቡ ለሳቸው ሊያደላ ነው? እኛ ዘንድ ቀብር አይጠብቅም። ሌሊት ያረፈ ሰው በማግሥቱ ይቀበራል። የጠዋቱን በረራ ያጣ ልጅ የሚደርሰው ድንኳኑ ላይ ነው። ስለዚህ በኔ ሚዛን ለቅሶ ከሁሉም ተጠባባቂ ይቅደም። እንዲህ ያለ ምድብ በደንባቸው ያካተቱ አየር መንገዶች አሉ። ውሸታም ይበዛበታል የሚል ካለ፣ አንድ ሠራተኛ በዓመት አራት ጊዜ አያቱን ከቀበረ አለቃው ይጠይቀው።

ከለቅሶ ቀጥሎ ወደ ሥራ የሚመለሰው ይምጣ። አሜሪካ ውስጥ አብራሪ ፍሎሪዳ እየኖረ ኒውጀርሲ ይሠራል፤ ከቤቱ ወደ ሥራው የሚደርሰውም በስታንድባይ ነው። የኛ አብራሪዎች መነሻቸው ቦሌ ስለሆነ ኑሯቸውም እዚያው ነው። ግን ቤተሰቡ ባሕር ዳር የሆነ ቴክኒሻንም አስተናጋጅም ሞልቷል። የእረፍት ቀኑን አሳልፎ ለፈረቃው መመለስ አለበት። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በመኪና 560 ኪሎ ሜትር ያህል። የመንገዱን ነገር ደግሞ በነዚህ ዓመታት እናንተው ታውቁታላችሁ። እሱን አስቀርቶ ለሽርሽር የሚሄደውን ማሳፈር ጉዳቱ በሱ ብቻ አያበቃም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው ሞተር የሚፈታው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 ኮልጋን ኤር የሚባል የአሜሪካ አየር መንገድ በረራ 3407 ኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ አጠገብ ተከሰከሰ። 50 ሰው አለቀ። አውሮፕላኑ ኪው 400 ነበር፤ እዚህ ባሕር ዳር ሲያርፍ የምናየው ዓይነት። ረዳት አብራሪዋ ቤቷ ሲያትል ነበር። ሌሊቱን በጭነት አውሮፕላን ተሳፍራ፣ ሜምፊስ ላይ ቀይራ፣ አገር አቋርጣ ነው ሥራ የገባችው። ካፒቴኑም ፍሎሪዳ ነዋሪ ነበር፤ የሠራተኞች ክፍል ውስጥ ነበር ያደረው። መርማሪዎቹ ዋናውን ምክንያት የካፒቴኑ የተሳሳተ የመሪ አያያዝ ነው አሉ። ድካሙም ሳይነካቸው እንዳልቀረ፣ ምን ያህል እንደሆነ ግን መለካት እንዳልተቻለ ጻፉ። ለኔ ይህ ይበቃል።

አሁን ወደ ጋቢናው። ኮክፒት ውስጥ ከሁለቱ አብራሪዎች ጀርባ ታጣፊ ወንበር አለች። ጃምፕ ሲት ይሏታል። ኪው 400 ላይ አንዲት ናት፤ ቦይንግ 737 ላይ ሁለት። ለፈታኝ፣ ለተቆጣጣሪ፣ ለሠልጣኝ የተሠራች ጠባብ ነገር ናት፤ ምቾት የሚባል አታውቅም። አሜሪካ ውስጥ ካቢኑ ሲሞላ ወደ ሥራው የሚሄድ አብራሪ ካፒቴኑን አስፈቅዶ ይቀመጥባታል። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2001ዱ የአሜሪካ ጥቃት በኋላ ለሌላ ኩባንያ አብራሪዎች ተዘግታ ነበር። የተከፈተችው የሰውየውን ማንነትና አሁንም ሥራ ላይ መሆኑን በኮምፒውተር የሚያረጋግጥ ሥርዓት ሲመጣ ነው።

ይህች ወንበር ሰውም አድናለች፤ ለጥቂትም ሰው ልታስፈጅ ነበር። ኢንዶኔዥያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 የላየን ኤር አውሮፕላን ከመከስከሱ በፊት በነበረው ምሽት ያው 737 ማክስ ከባሊ ሲነሳ ያው ብልሽት አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋው ጀመር። ጃምፕ ሲቱ ላይ የተቀመጠው ሦስተኛ አብራሪ ችግሩን ለይቶ አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋውን ሞተር ኤሌክትሪክ አቋርጡት እንዳላቸው ተዘግቧል፤ በሰላም ጃካርታ ገቡ። በማግሥቱ ሦስተኛ ሰው አልነበረም፤ 189 ሰው አለቀ። ከወራት በኋላ ቢሾፍቱ አጠገብ 157 ሰው ያጣንበት አደጋም አፍንጫውን ወደ ታች ከሚገፋው ከዚሁ ሥርዓት የመጣ ነው። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ወደ ሳንፍራንሲስኮ ይበር በነበረ አውሮፕላን ጃምፕ ሲት ላይ የተቀመጠ አብራሪ በድንገት ተነስቶ ሞተር የሚያጠፉትን ቀይ እጀታዎች ጎተተ። ሁለቱ አብራሪዎች ታግለው አስጣሉት። መታወቂያው ትክክለኛ ነበር። ሰውየው ግን 40 ሰዓት ያህል እንዳልተኛ ተናግሯል።

ስለዚህ መታወቂያ ብቻውን አይበቃም። ካፒቴኑ ሰውየውን ዓይን ዓይኑን አይቶ፣ ትናንት የት እንዳደረ ጠይቆ ነው መወሰን ያለበት። «አይሆንም» ሲል ምክንያት አይጠየቅ፤ ይሉኝታም አይያዘው። የአለቃ ወንድም፣ የአብሮ አደግ ልጅ፣ ሰርግ የቀረበት ሹም እዚያች ወንበር አጠገብ አይድረስ። የመናኸሪያው ሹፌር ለጋቢና የሚሰጠውን ፈቃድ ካፒቴን ለዘመዱ ከሰጠ ጉድ ነው።

ለካቢኑ ወረፋ ደግሞ ስክሪን ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ የተጠባባቂው ዝርዝር መሳፈሪያው በር ላይ ባለ ስክሪን ይታያል፣ ስልክ ላይም ይወጣል፤ ሁሉም ስንተኛ እንደሆነ ያያል። ስም መውጣቱ ያሳፍራል እንዳይባል የሚጻፈው ጥቂት ፊደል ብቻ ነው። አምስት ወንበር ቀርቶ አስራ ሁለተኛ መሆኑን ያየ ልጅ ካውንተር ላይ ዘመድ አይፈልግም። ለአለቃው ደውሎ ፈረቃውን ይቀይራል፣ ወይም ለነገው በረራ ይመዘገባል።